በቀብር ቀን የተፈረመ ወረቀት

ጋሽ ወልደገብርኤል ስልክ ሲጮህ መጀመሪያ ይደነግጣሉ፣ ቀጥሎ "አቤት" ይላሉ፣ መነጋገሪያውን የሚያነሱት ከዚያ በኋላ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንሠራ ይህን ቅደም ተከተል አንድም ቀን ሲያዛንፉ አላየሁም። እኔ ደግሞ አራዳ ተወልጄ ያደግኩ፣ አፌ የማያርፍ ሴት ነኝና ብዙ ቀልጄባቸዋለሁ።

"ጋሽ ወልዴ፣ ስልኩ እኮ አይናከስም" እላቸዋለሁ።

"እሱስ አይናከስም፣ ሰርክዬ። ከወዲያ ማን እንደያዘው ግን በምን ይታወቃል?" ይሉኛል።

ሰርክአዲስ እባላለሁ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ያ ሁሉ ቀልዴ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ጋሽ ወልዴ የተወለዱት ውቤ በረሃ ነው። አባታቸው ቡና ቤት ውስጥ ከባንኮኒ ጀርባ ቆመው ልጆች ያሳደጉ ሰው ነበሩ። በቀይ ሽብር ጊዜ ታላቅ ወንድማቸው አንድ ወረቀት ላይ ፈርሞ ተገኘ ተብሎ ከቤት ተወሰደ፤ በዚያው ቀረ። ጋሽ ወልዴ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ወረቀቱ ምን እንደሚል እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እናታቸው ከዚያ ወዲያ ቤታቸው ውስጥ እስክሪብቶ ሲያዩ እንኳ ያንዘፈዝፋቸው ነበር አሉ። እግዜር ታዲያ ከዚህ ቤት የወጣውን ልጅ ወስዶ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ፈራሚ አደረገው።

መሥሪያ ቤታችን ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራችን ለማስረዳት አይከብድም። አገራችንና ጎረቤቶቿ የጋራ ገበያ አላቸው። እዚህ የተሠራ ዕቃ ጎረቤት አገር ሲገባ ቀረጡ ይቀርለታል፤ የእነሱም እኛ ጋ ሲመጣ እንደዚያው። ዕቃው እውነት እዚህ መሠራቱን ግን የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋል። ምስክርነቱ የስሪት አገር ማረጋገጫ ይባላል፤ አንድ ገጽ ወረቀት ነው፣ ከግርጌው ፊርማና ማኅተም አለው። የእኛ ቤት ብቸኛ ፈራሚ ጋሽ ወልዴ ናቸው። እሳቸው ከናዝሬት ወዲያ አልፈው አያውቁም፤ ፊርማቸው ግን በየሳምንቱ ሞያሌን ይሻገራል።

ሲፈርሙ ማየት ያደክማል። የፋብሪካውን ደብዳቤ ያነባሉ፣ የዕቃውን ዝርዝር ያነባሉ፣ እንደገና የፋብሪካውን ደብዳቤ ያነባሉ። ጥርጣሬ ከገባቸው ፋብሪካው ድረስ በታክሲ ሄደው ማሽኑ ሲዞር ካላዩ አይመለሱም። ነጋዴዎቹ ይነጫነጫሉ፤ እሳቸው ወይ ፍንክች። በሠላሳ አራት ዓመት አንድ ወረቀት እንኳ ተመልሶባቸው አያውቅም።

እንዲህ ያሉት ሰው ባዶ ወረቀት ላይ ይፈርማሉ ብል ማን ያምነኛል? ይፈርሙ ነበር። የሰፈራቸው ዕድር ጸሐፊ ናቸው። ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ሲበተን ዕድሩ ግን አልፈረሰም፤ ያው አባል፣ ያው ድንኳን፣ ያው ጸሐፊ። ድሮ ሰው ሲሞት ቀብሩ ጎረቤት ነበር፤ ደርሰው ከመውጫ ሰዓት በፊት ጠረጴዛቸው ላይ ይገኙ ነበር። አሁን አንዱ አራብሳ ይሞታል፣ ሌላው ጀሞ፣ ሌላው ቱሉ ዲምቱ። ቀብር ያሉ ቀን ቀኑ በሙሉ ሄደ ማለት ነው። የተጫነ መኪና ደግሞ አንድ ፊርማ አጥቶ ድንበር ላይ ይቆማል። ጋሽ ወልዴ ብዙ ነገር ይፈራሉ፤ ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ግን ከሰው ቀብር መቅረትን ነው።

ስለዚህ ሁለታችን ልማድ አበጀን። ቀብር ባለ ቀን ጠዋት አራት ወይም አምስት ባዶ ቅጽ ይፈርማሉ፣ ማኅተም ያደርጋሉ፣ የእኔ መሳቢያ ውስጥ ከተው ይሄዳሉ። መሳቢያው ገፋ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ይቆለፋል፤ የሚከፍተው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፣ እሱም ከእኔ ቦርሳ አይወጣም። እኔ ሰነዱን እሳቸው እንዳስተማሩኝ ሁለት ጊዜ አንብቤ ቅጹን እሞላለሁ። ሕገወጥ መሆኑን እናውቃለን። ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ለቀብር የሄደን ሰው ማን ደፍሮ ይከሳል?

ዘንድሮ የጋራ ገበያው አገሮች ተሰብስበው ማሻሻያ አወጡ። ከሩቅ አገር የመጣ ዕቃ ማሸጊያው እየተቀየረ የጎረቤት ሥራ ነው እየተባለ ሲያልፍ የየአገሩ ፋብሪካ እየተዘጋ ተቸግረው ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ ቀርቶ ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ይሆናል ተባለ። ከዚያ በፊት ግን ያለፈው ሁለት ዓመት ወረቀት ወደ ፈረመው ቤት እየተላከ ይጣራል፤ ሲያስፈልግም የአንዱ አገር መርማሪ ሌላው አገር መጥቶ ፋብሪካውን በዓይኑ ያያል። ሆቴል ውስጥ ሥልጠና ሰጡን። አሠልጣኙ "ይጣራል" ባለ ቁጥር ጋሽ ወልዴ ውሃ ይጠጡ ነበር። እኔ በልቤ ደግ አደረጉ አልኩ፤ ማሻሻያው ለአጭበርባሪ ነው እንጂ ለእኛ አልመሰለኝም።

ሰኔ ውስጥ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ወይዘሮ ነሲባ ወደ ክፍላችን ራሳቸው መጡ። ሥራ አስኪያጃችን ናቸው፤ ቡታጅራ ሱቅ ውስጥ ያደጉ፣ ነገር የማያስረዝሙ ሴት። ሰው ሲፈልጉ ያስጠራሉ እንጂ መጥተው አያውቁም።

"አቶ ወልደገብርኤል፣ ይሄን የፈረሙት እርስዎ ነዎት?" ብለው አንድ ቅጂ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጡ።

ከጎረቤት አገር ጉምሩክ የመጣ ነው። ሁለት ሺህ አራት መቶ የሕፃናት ብርድ ልብስ፣ አዲስ አበባ የተሠራ ይላል። እዚያ በገዢው መጋዘን ውስጥ የቀረውን ሲፈትሹ "የኢትዮጵያ ሥራ" የሚለው ጨርቅ በላዩ የተሰፋ ሆኖ ተገኘ፤ ሲፈታ ከሥሩ የሌላ አገር ስም ወጣ። ተሠራበት የተባለው ፋብሪካም በየትኛውም መዝገብ የለም። ደብዳቤው ሁለት ነገር ይጠይቃል። ፊርማው የእናንተ ነው ወይ? ዕቃው እዚህ መሠራቱን አይታችኋል ወይ? እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት አርኪ መልስ ካልተሰጠ ከእኛ ቤት የወጣ ማንኛውም ወረቀት ድንበር ላይ ተቀባይነት አይኖረውም።

"ፊርማው የእኔ ይመስላል" አሉ ጋሽ ወልዴ።

"ይመስላል ነው ወይስ ነው?"

"ነው።"

"ፋብሪካውንስ አይተውታል?"

መነጽራቸውን አወለቁ። ሊጠርጉት ፈልገው ጠረጴዛው ላይ ወደቀባቸው። "እስከ ዓርብ ጊዜ ይስጡኝ፣ ወይዘሮ ነሲባ" አሉ።

ወይዘሮ ነሲባ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው "እኔም ፈርቻለሁ" አሉና ወጡ። እሳቸው ፈርቻለሁ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጋሽ ወልዴ ሰው መሆናቸው ቀረ። መስከረም ላይ ጡረታ ይወጣሉ፤ ሦስት ወር አልቀራቸውም። ማክሰኞ ከሥራ ስንወጣ እስከ አራት ኪሎ በእግር አብሬያቸው ሄድኩ። ፒያሳ ፈርሳ ከተሠራች ወዲህ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል፣ ሰው ግን ገባ ብሎ የሚሸሸግበት ጉራንጉር ጠፍቷል። በየሃያ እርምጃው ወደ ኋላ ይዞራሉ። አንድ ሰው ፋይል በብብቱ ይዞ ከኋላችን ሲመጣ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ፤ ሰውየው አልፎን ሄደ። ጣታቸው ግን እንደጨመደደኝ ቀረ።

"ሰርክዬ፣ እስር ቤት የደም ግፊት ኪኒን ያስገባሉ?" አሉኝ።

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅባቸው ነበር። ዕንባዬ መጣ፤ ወደ ታክሲ ተራው ዞሬ የማላውቀውን ሰው እንደምፈልግ ሆንኩ።

ረቡዕ ጠዋት ባለቤታቸው እትዬ ሰገነት ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ምንድን ነው የሆነው ሰውዬ? እህል አልቀምስ ብሏል። በር ሲንኳኳ ጓዳ ይገባል" አሉኝ። ሥራ በዝቶባቸው ነው ብዬ ዋሸሁ። ስልኩን እንደዘጋሁ ቢያንስ ወረቀቱ እንዴት እንደወጣ ፈልጌ ላግዛቸው ብዬ መዝገቡን አወረድኩ። ጋሽ ወልዴ ተነሱና መዝገቡ ላይ እጃቸውን ጫኑበት።

"ተይው፣ ሰርክዬ። አትድከሚ።"

"ቀኑን ልይ ብዬ ነው።"

"ቀኑ ምን ይሠራልሻል? ተይው ስልሽ!"

ጮክ ብለው ስለማያውቁ ደነገጥኩና ተውኩት። ለምሳ ሲወጡ ግን ገለጥኩት። የማረጋገጫውን ቁጥር በጣቴ እየተከተልኩ ወርጄ ቀኑ ላይ ደረስኩ። ያለፈው ዓመት ጥቅምት 14፣ ሐሙስ።

ጥቅምት 14 እናቴን የቀበርኩበት ቀን ነው።

እናቴ ረቡዕ አመሻሽ ላይ ነው ያረፈችው፤ ቀብሯ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። እሷም የዚያው ዕድር አባል ነበረች። ጋሽ ወልዴ ጠዋት ቢሮ ገብተው እንደ ልማዳቸው አራት ቅጽ ፈርመው፣ ማኅተም አድርገው፣ መሳቢያዬ ውስጥ ከተው፣ ቀጭ አድርገው ዘግተው ወደ እኛ መጡ። ያን ቀን ሟቿ የእኔ እናት መሆኗን፣ ቁልፉም ከእኔ ጋር ልቅሶ ቤት መሆኑን እጃቸው ረስቶታል። ዓመታት የለመደ እጅ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ሳልፈልግ አስታወስኩ። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ፣ ነጠላዬን አገልድሜ፣ ሰው እየመጣ ሲያጽናናኝ ኤርሚ መጣ። ኤርሚ የነጋዴዎችን ሰነድ ይዞ ከቢሮ ወደ ጉምሩክ የሚሮጥ ትራንዚተር ነው፤ ሁሌ በእኛ ክፍል የማይጠፋ፣ ተጫዋች ልጅ። አቅፎኝ አለቀሰ። የውሸት ለቅሶ ነበር አልልም፤ እናቴን ይወዳት ነበር። ከዚያ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ "ሰርኬ፣ መኪና ሞያሌ ቆሞብኛል። ቁልፉን ስጪኝና ነገ አመጣልሻለሁ" አለኝ። ቦርሳዬን ከፍቼ ሰጠሁት። ምን እንደምሰጥ አላየሁም፤ ያን ቀን ነፍሴን ቢጠይቀኝም እሰጠው ነበር። በማግስቱ መለሰልኝ። አሥር ቀን ቆይቼ ሥራ ስገባ የአራቱን ቅጽ ቅጂ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁ፤ ሳላነብ መዝግቤ ፋይል ውስጥ ከተትኳቸው። አንዱ የብርድ ልብሱ ነበር።

መዝገቡን ዘጋሁ። ጋሽ ወልዴ ከምሳ ተመልሰው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፣ እኔም ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ፣ ያገኘሁትን ግን አልነገርኳቸውም። ሁለት ልጅ ብቻዬን አሳድጋለሁ። ይህንን እየደጋገምኩ ለራሴ ነገርኩት። ስልክ ጮኸ። ጋሽ ወልዴ ሳይደነግጡ በፊት እኔ ደነገጥኩ።

ሐሙስ ጠዋት ኤርሚን ድሮ አትክልት ተራ በነበረበት በኩል አንድ ካፌ ውስጥ አገኘሁት። ማኪያቶውን እያማሰለ ሰማኝ። ፊቱ ላይ ምንም አልታየም፤ ይህ ነው የበለጠ ያስፈራኝ።

"ሰርኬ፣ ምን ያርገፈግፍሻል? ሼባው 'አዎ፣ አይቻለሁ' ብሎ ይጻፍ፣ አለቀ። የፋብሪካ ደብዳቤ ከፈለገ አሠራለታለሁ።"

"ፋብሪካው የለማ!"

"ማን መጥቶ ያያል?"

"መጥተው ያያሉ። ማሻሻያው እኮ እሱ ነው።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "እንግዲያው ላሽ በይው። ፊርማው የሱ፣ ማኅተሙ የሱ። አንቺ የለሽበትም፣ እኔም የለሁበትም።" ከዚያ ፈገግ አለና "ቁልፉን የሰጠኝ ማነው ብለው ከጠየቁኝ ግን ምን ልበል?" አለኝ።

ከካፌው ወጣሁ። የታክሲ ረዳቶች "አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!" ይጮሃሉ፤ ስሜን የሚጠሩ መሰለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ፈርቼ አላውቅም። የሚያሳዝነው ከፍርሃቴ የተነሣ ያደረግኩት ነው። ከሰዓት በኋላ ወንበሬን ወደ ጋሽ ወልዴ አስጠግቼ በሹክሹክታ "ለምን አይቻለሁ ብለው አይጽፉም? ወር ሁለት ወር እስኪያጣሩ እርስዎ ጡረታ ወጥተዋል" አልኳቸው።

ብዕራቸውን አስቀምጠው አዩኝ።

"ኤርሚ ነው የላከሽ?"

"አይ፣ ከራሴ ነው።"

"ሰርክዬ፣ እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። አንቺም ታውቂያለሽ፣ ሲስቁብኝም እሰማለሁ። ከፍርሃቴ ብዛት ግን ውሸት ጽፌ አላውቅም። አሁን ብጽፍ ያ ሁሉ ዓመት የፈራሁት ለምንድን ነው?" አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ልጆቼ ከትምህርት ቤት መጥተው ቤቱን ተቆልፎ ሲያገኙት ታየኝና ዋጥኩት።

ዓርብ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ወይዘሮ ነሲባ አስጠሩን። እኔ የተጠራሁት ለወጪ ደብዳቤው ቁጥር እንድሰጥ ነው። ጋሽ ወልዴ ለቀብር የሚለብሱትን ጥቁር ኮት ለብሰው መጥተዋል። መልሳቸውን በእጃቸው ጽፈውታል፤ አምስት መስመር አይሞላም። ወይዘሮ ነሲባ ጮክ ብለው አነበቡት።

"ፊርማው የእኔ ነው። ዕቃውንም ፋብሪካውንም አላየሁም። ለቀብር ስሄድ ባዶ ቅጽ ፈርሜ መተዌ ጥፋት ነው። ቅጹ የነበረበት መሳቢያ ቁልፍ በእኔ እጅ ነበር፤ ሞልቶ ለወሰደው ሰው የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከእኔ ሌላ ተጠያቂ የለም።"

ወይዘሮ ነሲባ ወረቀቱን ዝቅ አደረጉ። "አቶ ወልደገብርኤል፣ ይሄን ከላክሁ ወዲያውኑ ለሕግ ክፍል ማሳወቅ አለብኝ። ያውቃሉ አይደል?"

"አውቃለሁ።"

"የማን ቀብር ነበር?"

"የሰው" አሉ።

"የየትኛው ሰው?"

"የዕድር አባል ነበሩ። አሁን ስማቸው ምን ያደርጋል?"

ወይዘሮ ነሲባ ወረቀቱን ወደ እኔ ዘረጉት። "ቁጥር ስጪው" አሉኝ። ተቀበልኩት። እጄ ላይ ነው። የማደርገው ነገር ቀላል ነበር፤ ቁጥርና ቀን መጻፍ፣ ከዚያ ወደ ቤቴ ሄጄ ልጆቼን ምሳ ማብላት። ጋሽ ወልዴን አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ እንደ ልጅ ነው የጨፈኑት፣ አጥብቀው።

"ቁልፉ እኔ ጋ ነበር" አልኩ። ድምፄ ሲወጣ የሌላ ሰው መሰለኝ። "ቀብሩ የእናቴ ነው። ለኤርሚ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ።"

ጋሽ ወልዴ ብድግ አሉ። "ምን አስለፈለፈሽ! ማን ጠየቀሽ? ልጆች የሉሽም?" ብለው ጮኹብኝ። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። ወይዘሮ ነሲባ እጃቸውን አነሡ። "ይቀመጡ። እርስዎ ይሄን ያውቁ ነበር?"

ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ነሲባ ሳይሆን ወደ እኔ እያዩ ተናገሩ።

"ድንኳኑ በር ላይ ነበርኩ፣ የመጣውን ሰው ስም እጽፋለሁ። ቁልፉን ስትሰጪው አይቻለሁ። ተነሥቼ ልቀበለው አሰብኩ። ደግሞ እናቷን ገና አሁን ቀብራ የመጣችን ልጅ ስለ መሥሪያ ቤት ቁልፍ አነጋግራለሁ? አልኩ። ልቅሶ ቤት ውስጥ ይህ አይወራም። አፈርኩና ዝም አልኩ። በማግስቱም አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ስለ ወረቀቱ የጠየቀ ሰው አልመጣም፣ እግዜር ሸፈነኝ አልኩ። ያን ቀን አንድ ቃል ብናገር ይህ ሁሉ የለም። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሰርክዬ። ሰኞ ወረቀቱን ሲያመጡት ቀኑን ሳላነብ አውቄዋለሁ።"

ሰኞ! አራት ቀን ሙሉ፣ አራት ኪሎ መንገድ ላይ ክንዴን ጨምድደው ሲይዙ፣ ስለ ኪኒኑ ሲጠይቁኝ፣ መዝገቡን እንዳልገልጥ ሲከለክሉኝ፣ ይህንን ይዘው ነበር። ፍርሃታቸው ለራሳቸው ብቻ አልነበረም። እኔ ግን አይቻለሁ ብለው ይጻፉ አልኳቸው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወይዘሮ ነሲባ ወረቀቱን ከእጄ መልሰው ወሰዱ። "ሁለታችሁም ውጭ ጠብቁ" አሉ። በሩን ከመዝጋታችን በፊት ለሕግ ክፍሉ ሲደውሉ ሰማን።

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አንዲት ሴት ባልዲ ይዛ ወለሉን እየወለወለች አለፈች፤ እግራችንን አነሣንላት። ከታች ከመንገዱ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ማን እንደሚመጣ፣ ፖሊስ ይሁን የሕግ ሰው፣ ዛሬ ይሁን ሰኞ፣ አናውቅም። ይቅርታ ልጠይቃቸው ወደ እሳቸው ዞርኩ።

"የእናትሽ ሁለተኛ ዓመት ጥቅምት ላይ ነው፣ አይደል?" አሉኝ።

"አዎ፣ ጋሽ ወልዴ።"

"ውጭ ካለሁ እመጣለሁ።"

ይህን ያሉት ዝናብ ካልዘነበ እመጣለሁ እንደሚል ሰው ነው። እኔም ውጭ ካለሁ እጠብቅዎታለሁ ልላቸው አፌን ስከፍት በሩ ተከፈተ። ጋሽ ወልዴ ኮታቸውን አስተካክለው ተነሡ። ቀድሞ የተጠራው ግን የእኔ ስም ነበር።